አያ ጅቦ ከየት መጣ

ፃግብጂ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ቆላ በሚወርደው ምድር ላይ ያለ የዋግ ኽምራ ወረዳ ነው። ዝናቡ አጭር፣ አፈሩ ስስ፣ ሀብቱ ፍየልና ማር ነው። እዚህ አገር ቁጭ ብሎ አንድ የበረሃ አውሬ በሐሳቡ ይፍጠር የተባለ ሰው ምን ይፈጥር ይሆን? መልኩ ውሻ፣ ዘሩ ግን ከድመት ወገን የሆነ፤ ሴቷ በጉልበትም በሥልጣንም ወንዱን የምትበልጥ፤ የበሬ ጭን አጥንት ሰብሮ የሚውጥ፤ ለሌላው ሞት የሆነውን ጥንብ በልቶ በማግስቱ የሚሮጥ፤ ድምፁ ከአንዱ ሸንተረር ተነስቶ በሌላው የሚሰማ። ይህንን ለመፍጠር ግን መድከም አያስፈልግም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከእሾህ አጥሩ ውጭ ይመላለሳል። ልጆች በተረት «አያ ጅቦ» የሚሉት፣ ሞኝና ሆዳም አድርገን የምንስቅበት እሱ ነው። ታሪኩን ለተመለከተ ሰው ሆዳምነቱ እውነት ነው፤ ሞኝነቱ ግን የእኛ ፈጠራ ነው።

የዋግ ተራሮች የቆሙበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ እየፈላ ወጥቶ የተነጠፈ ነው። የጅብ ዘር በዕድሜ ከዚህ ድንጋይ ጥቂት ያንሳል። የመጀመሪያዎቹ ጅቦች ከዛሬ 25 እስከ 22 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ በአውሮፓና በእስያ ጫካዎች የታዩ፣ ጥርኝ የሚያህሉ፣ ነፍሳትና ትናንሽ እንስሳት የሚለቅሙ ፍጥረታት ነበሩ። ድመት፣ አንበሳ፣ ጥርኝና ሽለምጥማጥ ሁሉ የዚሁ ወገን ናቸው። የዛሬው ጅብ ውሻ መምሰሉ የኑሮ ውጤት ነው። ሁለቱም ረጅም መንገድ እየሮጡ፣ በአፋቸው እየያዙ ስለሚኖሩ ገላቸው ወደ አንድ ዓይነት ቅርጽ ተሳበ።

ከዚያ ዘሩ በዛ። በቅሪተ አካል የታወቁት የጅብ ዝርያዎች ከ70 ይበልጣሉ። ብዙዎቹ ቀጠን ያሉ፣ እንደ ተኩላ እያባረሩ የሚያድኑ ሯጮች ነበሩ። ጊዜው የነሱ ነበር ማለት ይቻላል። ከ7 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ዘመን ግን ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣባቸው። የአየሩ ጠባይ ተለወጠ፤ ጫካው እየሳሳ የሣር ሜዳው ሰፋ። በዚያው ሰሞን ሰሜን አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የውሻ ወገን የቤሪንግን የብስ ተሻግሮ እስያ ገባ። ሯጮቹ ጅቦች እየተመናመኑ ሄዱ። አንድ ዝርያ ብቻ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ጥቂት ዘመን ኖረና እሱም ጠፋ።

የተረፉት እነማን ናቸው? ሌላው የማይችለውን መብላት የለመዱት። አንደኛው ወገን ወደ ምስጥ ዞሮ በምላሱ እየላሰ ይኖራል፤ ይህ ትንሽ ጅብ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ዛሬም አለ። ሌላው ወገን ወደ አጥንት ዞረ። አሁን በዓለም የቀሩት የጅብ ዝርያዎች አራት ብቻ ሲሆኑ ሦስቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛሉ፤ ባለ ነጠብጣቡ፣ ባለ ሽንትሩና ምስጥ በሉ። እኛ ዋግ ላይ በሌሊት የምንሰማው ባለ ነጠብጣቡን ነው።

አጥንት መስበር ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። አንበሳ እንኳ ሥጋውን ገፍፎ ትልልቁን አጥንት ጥሎት ይሄዳል። በአጥንቱ ውስጥ ግን ቅልጥም አለ፤ ድርቅ በገባበት ዓመትም ቢሆን ከከሳ ከብት ሥጋ ይልቅ የሚያጠግበው እሱ ነው። ጅብ እዚህ ጋ ለመድረስ ገላውን ከራስ ቅሉ ጀምሮ መልሶ መሥራት ነበረበት። የመንጋጋው ጡንቻ የሚይዝበት አጥንት በአናቱ ላይ እንደ ጉብታ ወጣ። የመካከለኛ ጥርሶቹ ወፍረው ጫፋቸው ደነደነ፤ የጥርሱ መስተዋት በውስጡ በዚግዛግ የተጠላለፈ ስለሆነ ስንጥቅ ቢጀምር እንኳ ርቆ አይሄድም። ጨጓራው አጥንቱን ያሟሟዋል፤ የማይፈጨውን ፀጉርና ሰኮና ይተፋዋል። ከመንገድ ዳር የጅብ ዓይነ ምድር ደርቆ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ የሚታየው ካልሲየሙ ስለሆነ ነው። አንገቱና የፊት እግሮቹ ከኋላው ይልቅ ረዝመውና ጠንክረው የቀሩትም ሸክም ስለሚጎትት ነው። «ጅብ እስኪነክስ ያነክስ» የምንለውም ያንን ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ አረማመድ አይተን ነው። የሚያነክሰው አውሬ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ልቡም ከገላው አንጻር ከአንበሳ ልብ እጥፍ ገደማ ስለሚመዝን ቶሎ አይደክመውም።

የባለ ነጠብጣቡ ጅብ ወገን ከ4 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ በአፍሪካ ብቅ ሲል አጥንት ሰባሪ እሱ ብቻ አልነበረም። አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ፣ ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በኖረችበት ምድር፣ የጅብ ቅሪተ አካልም ተገኝቷል። እዚያው አፋር ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ቡሪ ላይ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው የአንቴሎፕ ቅልጥም በድንጋይ ተመትቶ መሰበሩ ይታያል። አንዱ በጥርሱ፣ ሌላው በእጁ ድንጋይ ለዚያው ቅልጥም ይሻሙ ነበር ማለት ነው። ሰውና ጅብ ጎረቤት የሆኑት ያኔ ነው። የእኛ ሰፈር አጥርና የጅቡ ጉድጓድ የዚያ ሽሚያ ቀጣይ ናቸው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከዚያ ጅቡም ከአፍሪካ ወጣ። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረ መል ጥናት የአፍሪካውና የአውሮፓና የእስያው ባለ ነጠብጣብ ጅብ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደተለያዩ፣ በኋላም በየጊዜው እየተገናኙ እንደተዳቀሉ አሳይቷል። የሰሜኑ ወገን የዋሻ ጅብ ይባላል። ፈረንሳይ አገር ሾቬ በሚባለው ዋሻ ግድግዳ ላይ የጥንት ሰው ነጠብጣቡን ሳይቀር ሥሎታል። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሳያልቅ ግን የዋሻው ጅብ ጠፋ። የቀረው የእኛው አህጉር ነው።

በአፍሪካ የቀረውን ያተረፈው ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። ጅብ በጎሣ ይኖራል፤ ጎሣውን የምትመራው ሴት ናት። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ልጅም የእናቱን ማዕረግ ይወርሳል። ወንዱ ሲያድግ ከተወለደበት ጎሣ ወጥቶ ሌላ ጋ እንግዳ ሆኖ ከታች ይጀምራል። የሴቷ ብልት ከውጭ ሲታይ የወንዱን ስለሚመስል የጥንት ሰዎች ጅብ ሁለት ጾታ አለው ብለው ያምኑ ነበር። ቡችሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጥርስ አብቅለው ይወለዳሉ። እናታቸው ከአንድ ዓመት በላይ ታጠባቸዋለች፤ ወተቷ በጣም ወፍራም ስለሆነ ቀናት ርቃ ብትቆይም ይታገሷታል። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ላይ ያጠኗቸው ሰዎች እናቶቹ የሚሰደደውን መንጋ ተከትለው አርባ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሄደው በልተው ወደ ጉድጓዳቸው እንደሚመለሱ አይተዋል። ለዋግ ቆላ ይህ ጠባይ ትልቅ ነገር ነው። ምግብ ተበታትኖና ተራርቆ በሚገኝበት አገር፣ ርቆ ሄዶ የሚመለስና በድምፁ ዘመዶቹን የሚጠራ አውሬ ይኖራል። ያ «ዉዉ—ኡፕ» የሚለው ጥሪ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ይሰማል፤ ጠሪው ማን እንደሆነም ጎሣው ለይቶ ያውቃል።

ሰው ጅብን መጻፍ ሲጀምር እውነተኛው ጅብ ወደ ጎን ተገፋና የሐሳብ አውሬ ተተካ። የመጀመሪያዎቹ ደራሲዎች ሩቅ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ቅድመ ክርስቶስ በ2ኛው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ዳርቻ የጻፈው ግሪካዊ አጋታርኪዴስ በኢትዮጵያ «ክሮኮታስ» የሚባል፣ ከተኩላና ከውሻ የተዳቀለ፣ በጥርሱ አጥንት ሁሉ የሚሰብር አውሬ እንዳለ፣ በሌሊት የሰው ድምፅ አስመስሎ ሰውን እየጠራ እንደሚበላ የተባለውን መዘገበ። የሮማው ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ደገመው፤ ጅብ በእረኞች በረት አጠገብ የሰው ስም ተምሮ በስሙ ይጠራል የሚለውንም ጨመረበት። በመካከላቸው የጻፈው ዲዮዶሮስ ግን ስለ ጥርሱ የተነገረውን ተቀብሎ ስለ ንግግሩ ሲሆን የሚሉት አያሳምንም ብሏል። ለኔ ከሁሉም አስተዋይ ዲዮዶሮስ ነው። በኋላ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ አንቶኒኖስ ፒዮስ በሮም የትርዒት ሜዳ ክሮኮታዎችን ለሕዝብ አሳይቷል ይባላል። ተረቱ ግን አውሬውን በዓይን በማየት አልሞተም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ ክሮኮታ ሌላ ሺህ ዓመት ኖሯል።

እኛም ብንሆን ከተረት አልዳንን። በሰሜን ኢትዮጵያ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂውና ቤተ እስራኤላዊው በሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ በቡዳነት ሲታሙ ኖረዋል። ከ1805 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ13 ዓመት ያህል በትግራይ የኖረው፣ ዋግንና ላስታንም ያቋረጠው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ጆሯቸው ላይ ጉትቻ ያጠለቁ ጅቦች ተገድለው እንደታዩ ጽፏል። ከሱ በኋላ የመጡ ተጓዦችም ወሬውን ደጋግመውታል። ክፋቱ የጅቡ አልነበረም። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ርስት ነፍጎ፣ ጋብቻ ነፍጎ፣ በጎን እያየ ለሚኖር ማኅበረሰብ ጅቡ ጥሩ ምክንያት ሆኖ አገለገለ።

በዓይኑ ያየውን የጻፈው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። በ1770ና በ1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር በነበረበት ጊዜ የተቀጡ ሰዎች አስከሬን አደባባይ ይጣል ስለነበር ጅቦች ከተማው ውስጥ በነፃነት ይዞሩ ነበር። አንድ ሌሊት ከጣና በስተደቡብ ባለው አገር በድንኳኑ ሆኖ ሥራውን ሲሠራ ከኋላው አንድ ነገር ወደ አልጋው ሲያልፍ ሰማ። ዘወር ሲል ሰው የለም። ጥቂት ቆይቶ ወጣ ብሎ ወደ ድንኳኑ ሲመለስ በጨለማ ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች አየ፤ አሽከሩ መብራት ይዞ ሲመጣ ጅቡ ከራስጌው ቆሞ፣ በአፉ የሻማ እስር ይዟል። ብሩስ በጦር ወጋው፤ አሽከሩ በመጥረቢያ ጨረሰው። የሰው ሥጋ አሳዳጅ የተባለው አውሬ ብሩስን ትቶ የመረጠው ሻማውን ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰቆጣ ትልቅ የአሞሌ ገበያ ነበረች። ከአፋር ጨው ሜዳ የተቆረጠው ጨው ደጋውን ወጥቶ በአህያና በበቅሎ እዚህ ይደርስና ወደ ጎጃምና ወደ በጌምድር ይበተናል። ይህ ማለት በየመንገዱ የሚያድሩ በመቶ የሚቆጠሩ አህዮች አሉ ማለት ነው፤ ደክመው የሚወድቁም አሉ። ሲራራ ነጋዴ ሲሰፍር ጭነቱን ደርድሮ፣ እንስሶቹን ወደ መሃል አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ የሚያድረው ሽፍታውን ብቻ ፈርቶ አይደለም። «አህያም የለኝ ከጅብም አልጣላ» የሚል ሰው የተፈጠረው ከዚህ ዓይነት ኑሮ ነው።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጨረሰ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ አንበጣና ድርቅ ተጨመረ፤ ረሀቡ እስከ 1884 ዘለቀ። ቀባሪ በጠፋበት ዘመን ጅቡ መጀመሪያ ሬሳ፣ በኋላም አቅም ያጡትን በሕይወት ያሉ ሰዎች እንደደፈረ የዘመኑ ምስክሮች ጽፈዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅም ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር፤ ብዙ ሰው ምግብ ፍለጋ ወደ ኮረም ተሰደደ። ይህንን እዚህ ላይ ማብዛት አልፈልግም። ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የዱሩ እንስሳ ከአገሩ እያለቀ ሲሄድ የጅቡ ኑሮ ከእኛ ኑሮ ጋር ተጠላለፈ፤ የእኛ መዓት ለሱ ጥጋብ፣ የእኛ ጥጋብ ደግሞ ለሱ ጾም የሆነበት ጊዜ ሁሉ አለ።

ሳይንሱ ዘግይቶ ደረሰ። ሆላንዳዊው ሃንስ ክሩክ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሴሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ ላይ ጅብ የሚበላውን አብዛኛውን ራሱ አድኖ እንደሚይዝ፣ ብዙ ጊዜም አንበሳው ከጅብ እንደሚነጥቅ አሳየ። ይህ ለዓለም አዲስ ነገር ነበር። የእኛ አገር ጉዳይ ግን ከዚያ ይለያል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በሰሜን ኢትዮጵያ ጅብ ምን እንደሚበላ ለማወቅ የመረጡት መንገድ ያንን ነጭ ዓይነ ምድር መሰብሰብ ነው። ይደርቃል፣ ይታጠባል፣ የተረፈው ፀጉር ተለቅሞ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የበግ፣ የፍየል፣ የላም፣ የአህያ ፀጉር ይለያል። የተገኘው ከሞላ ጎደል ሁሉም የቤት እንስሳ ነው። ሚዳቋና ድኩላ የሚባል ምግብ ለዚያ አገር ጅብ የሩቅ ታሪክ ሆኗል።

በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ምእመኑ ሥጋ ይተዋል፤ ልኳንዳው ይዘጋል፤ ከከተማ ዳር የሚጣለው አንጀትና አጥንት ይቋረጣል። ጅቡ ምን ያደርጋል? ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው በ14.8 በመቶው ናሙና ውስጥ ነበር። በጾሙ ወቅት 33.1 በመቶ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። በሕዝቡ ጾም ጅቡ ወደ አደን ይመለሳል ማለት ነው፤ ሰው የማይበላውን ይልቁንም በሌሊት ከቤት ውጭ የሚያድረውን አህያ ይመርጣል። ሚሊዮን ዓመታት የፈጀው ሌላው የተወውን የመብላት ችሎታ ከቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ጋር ራሱን ማስማማት ችሏል። ተረታችን ውስጥ ጦጣ ሁልጊዜ የምታታልለው አያ ጅቦ ይኸው ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ሒሳቡን ከሌላ በኩል ሠራው። የመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳ ጥንብና ተረፈ ምርት ያነሳሉ። በዚህም በዓመት አምስት ያህል ሰውና 140 ያህል ከብት፣ በግና ፍየል በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ከመያዝ እንደሚድኑ አጥኚዎቹ ገምተዋል። አባ ሰንጋ የገደለውን ከብት ጅብ ሲበላው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አይታይበትም።

ዋግ ላይ እንዲህ ዓይነት ቆጠራ ተሠርቶ አላየሁም፤ ኑሮው ግን ከመቀሌ ዳርቻ ይልቅ የጠነከረ ነው። በሰሜኑ ጦርነት የፃግብጂና የአበርገሌ ሰው ተፈናቅሎ ሰቆጣ ተጠልሎ ነበር። ቀጥሎ በ2015ና በ2016 ዓ.ም. በዋግ ቆላ ወረዳዎች ዝናብ ጠፍቶ ብዙ ከብት አለቀ። ከብቱ ሲሞት ጥንቡ ሳይቀበር በየሸለቆው ይቀራል፤ ለመቅበርም ጉልበት ይጠይቃል። ያንን የሚያጸዳው ያለ ደመወዝ የሚሠራው ጅብ ነው፤ ጥቅሙም ለመንደሩ ሁሉ ይደርሳል። ኪሳራው ግን እንዲያ አይከፋፈልም። ጥንቡ አልቆ ጅቡ ወደ ሰፈር የሚዞርበት ሌሊት አንድ ሰው አህያውን ያጣል። በፃግብጂ አህያ ማለት ከወንዝ የሚቀዳ ውኃ፣ ከማከፋፈያው የሚመጣ የእርዳታ ስንዴና ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ማገዶ ነው፤ የሌላ አህያ ዋጋ እስኪገኝ ያንን ሁሉ የሚሸከመው ሚስትየዋና ልጆቹ ናቸው። የግብርና ባለሙያዎች ስለ ድርቅ መቋቋም ሲነጋገሩ ስለ ከብት መኖና ስለ ክትባት ብዙ ይላሉ። በደንብ የተካበ፣ እሾህ የተደረበበት የሌሊት በረት ለአህያም ቢታሰብ ወጪው ድንጋይና ጉልበት ነው፤ ድንጋይ ደግሞ በዋግ ሞልቷል።